ሰው ሠራሹ ልጅና የተመልካቾች ፍርድ

በቅርቡ በአንድ ወዳጄ ቤት ተሰብስበን «ኤ. አይ.» የተባለውን የሲኒማ ሥዕል ከተመለከትን በኋላ፥ በመካከላችን የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሳይበርድ ቀረ። ሥዕሉ አዲስ አይደለም። በሰኔ ወር 2001 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፥ ያዘጋጁትም ስመ ጥሩው ሚስተር ስቲቨን ስፒልበርግ ናቸው። ርእሱ የሆኑት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ዛሬ በእኛ ቋንቋ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» እየተባሉ ይተረጐማሉ። በትርጒም ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፥ ይህ ትርጒም ከዋናው ቃል ይልቅ ማዕርግ የተጨመረለት ይመስለኛል፤ የሚያስብ ሰው ሞልቶ ሳለ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነውና።

በዚያች ምሽት ከነበርነው መካከል አንደኛው ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴ፥ ሁለተኛው በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ የሕግ ዐዋቂ፥ ሦስተኛዋ ደግሞ የባለቤቱ እናት፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እማማ ነበሩ። እማማ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ እኔ ከጐናቸው ተቀምጬ ንግግሩን በጆሯቸው ስተረጒምላቸው አመሸሁ። ስለዚህ ሥዕሉን ሁለት ጊዜ አየሁት ለማለት እችላለሁ፤ አንድ ጊዜ በዓይኔ፥ አንድ ጊዜ በእርሳቸው ጥያቄ።

ታሪኩን ላላዩት አንባቢዎች ባጭሩ እናገራለሁ። ዘመኑ ወደፊት የሚመጣ ነው። የዋልታው በረዶ ቀልጦ ባሕሩ ከወሰኑ ስላለፈ፥ አምስተርዳምና ቬኒስ ኒው ዮርክም በውኃ ተውጠዋል። በወደብ ከተማ ለሚኖር አንባቢ ይህ እንደ ተረት ብቻ ሆኖ አይሰማውም። ከጥፋቱ የተረፉት ባለጸጎች አገሮች ልጅ መውለድን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ስለ ወሰኑ፥ የማይበሉና የማይጠጡ ሮቦቶች ብዙውን ሥራ ይዘውታል። ሮቦት የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቁት የቼክ አገር ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ዓ.ም. በጻፉት ቴአትር ነው፤ የተወሰደውም በአገራቸው ቋንቋ የግዳጅ ሥራን ከሚያመለክት ቃል ነው። እኛ «ሁዳድ» ብንለው ከእውነት አንርቅም። ይህን የምጠቅሰው በሥዕሉ ውስጥ ያለው ኩባንያ ከዚህ ከሁዳድ ሠራተኛ አንድ እርምጃ አልፎ፥ የሚወድ ሮቦት ለመሥራት ስለ ተነሣ ነው። ጒልበቱ ሲገበር የኖረው ፍጥረት አሁን ፍቅርም እንዲገብር ተፈለገ።

የኩባንያው ሠራተኛ የሆነው ሄንሪና ሚስቱ ወይዘሮ ሞኒካ ማርቲን የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ልጁ በማይድን በሽታ ስለ ታመመ፥ መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ በብርድ ደንዝዞ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ከተኛ አምስት ዓመት ሆኖታል። እናቱ እየሄደች መጽሐፍ ታነብለታለች። ሞቷል ተብሎ እንዳይለቀስለት አልሞተም፤ ድኗል ተብሎ እንዳይዘፈንለት አልዳነም። ሐኪሙም ተስፋ የቆረጠው ከልጁ ላይ እንጂ ከእናቱ ላይ እንዳልሆነ ለባልዋ ይነግረዋል። ባልየውም ከመሥሪያ ቤቱ ዴቪድ የተባለውን ሰው ሠራሽ ልጅ ይዞላት ይመጣል። ልጁ መልኩ የተዋበ ነው፤ አይበላም፥ አይተኛም፤ ዓይኑንም አያርገበግብም። (የተጫወተው ሔይሊ ጆኤል ኦስመንት የተባለ ብላቴና ነው። ሥዕሉን በመጀመሪያ ያሰቡት ስታንሊ ኩብሪክ የሕፃን ተዋናይ ሥራው ሳያልቅ ስለሚያድግባቸው፥ በእውነተኛ ሮቦት ለማሠራት ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀርቷል።)

ወይዘሮ ሞኒካ በመጀመሪያ ደንግጣ ትቈጣለች፤ ቀስ በቀስም ትለምደዋለች። በመጨረሻም ልጁን በራስዋ ላይ ታትማለች። አታተሙም እንዲህ ነው፤ ዝምድና የሌላቸው ሰባት ቃላት በተወሰነ ተራ ታነብና፥ ከዚያ ስሟንና ስሙን ትጠራለች። ከቃላቱ አንዱ የደመና ዓይነት፥ አንዱ የግሪክ ፈላስፋ ስም፥ አንዱም አበባ ነው። ስለ ፍቅር የሚናገር አንድ እንኳ የለም። ስንት የውል ወረቀት የተረጐምሁ ሰው ይህን ሳይ ከወንበሬ ቀና አልሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰውን ለዘለዓለም የሚያስሩት ቃላት እንዲህ ያሉ ለጆሮ ምንም የማይመስሉ ናቸውና። ማኅተሙም አይሻርም። ወላጆቹ ልጁን ቢጠሉት ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ ፋብሪካውም ያጠፋዋል።

ከዚያ በኋላ የማይጠበቀው ነገር ይሆናል፤ ማርቲን ይድናል። እውነተኛው ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰው ሠራሹ ትርፍ ይሆናል። ማርቲን ሌሊት የእናቱን ጠጒር ቈርጦ እንዲያመጣለት ዴቪድን ያታልለዋል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ዴቪድ ፈርቶ ማርቲንን ጥምጥም ብሎ ሲይዘው ሁለቱም ውኃ ውስጥ ይገባሉ፤ ማርቲንም ለጥቂት ይድናል። እናቲቱ ልጁን ለማስጠፋት ይዛው ትሄድና፥ አንጀቷ እምቢ ሲላት ከአንድ የአሻንጉሊት ድብ ጋራ በጫካ ውስጥ ጥላው ትመለሳለች። የቀረው ሁሉ የልጁ ፍለጋ ነው። እናቱ ያነበበችለትን የፒኖኪዮን ታሪክ እውነት ነው ብሎ ስለ ያዘ፥ ሰማያዊዋ መልአክ እውነተኛ ልጅ ታደርገኛለች ብሎ በውኃ እስከ ተዋጠው ኒው ዮርክ ድረስ ይሄዳል። እዚያም ከባሕር በታች በአንድ የሴት ምስል ፊት ተቀምጦ ሲለምን ባሕሩ በረዶ ይሆናል፤ ሁለት ሺሕ ዓመትም ያልፋል።

ብዙ ተመልካቾች የሚጣሉት ከዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ በዚያ በባሕር ወለል፥ ልጁ ሲለምን ማለቅ ነበረበት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እርሱ ግን ይቀጥላል። ቀጫጭንና ረጃጅም ፍጥረታት ከበረዶው ያወጡታል፤ ድቡ አስቀምጦት ከኖረው ከእናቱ ጠጒር ወይዘሮ ሞኒካን ለአንድ ቀን ብቻ ያስነሡለታል። ያች ቀን ስታልፍ እርስዋ ለዘለዓለም ታንቀላፋለች፤ እርሱም ከጐንዋ ዓይኑን ይጨፍናል። በ2001 ዓ.ም. ከአዳራሽ የወጣው ተመልካች እነዚያን ፍጥረታት ከሌላ ዓለም የመጡ እንግዶች ናቸው ብሎ በብዛት ተሳሳተ። እነርሱ ግን የሰው ልጅ ካለቀ በኋላ ምድርን የወረሱ፥ የዴቪድ የልጅ ልጆች የሆኑ ሮቦቶች ናቸው። ሲኒማስኮር የተባለው የተመልካቾችን አሳብ የሚሰበስበው ድርጅት ሲጠይቃቸው፥ ሕዝቡ በትምህርት ቤት ነጥብ አሰጣጥ «ሲ ፕላስ» ብቻ ሰጠው። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ከአሜሪካ 78 ሚሊዮን ያህል ሲያስገባ፥ ከሌላው ዓለም ግን የዚያን እጥፍ አገኘ። የአንድ አገር ሕዝብ የናቀውን ዕቃ ሌላው ሲሻማበት ማየት ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም።

ጥፋቱን በማን ላይ እንጣል በሚለው ደግሞ ሌላ ጠብ ተነሣ። ሚስተር ኩብሪክ የብሪያን ኦልዲስን በ1969 ዓ.ም. የታተመ አጭር ታሪክ መሠረት አድርገው ለብዙ ዓመታት ሲያስቡበት ኖረው በመጋቢት 1999 ዓ.ም. ስላረፉ፥ ሥራውን የፈጸሙት ወዳጃቸው ሚስተር ስፒልበርግ ናቸው። ተመልካቹም መራራውን ክፍል ለሟቹ፥ ጣፋጩን ክፍል ለሕያው አከፋፈለ፤ ስፒልበርግ በመጨረሻ ስኳር ጨመረበት አለ። ሚስተር ስፒልበርግ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን፥ ለስላሳ የተባለው ሁሉ የኩብሪክ፥ ጨካኝ የተባለው የራሳቸው እንደ ሆነ በኋላ ተናግረዋል። ዘመን ሲያልፍ ፍርዱም ተለወጠ። ታዋቂው የአሜሪካ ሐያሲ ሮጀር ኢበርት በ2001 ዓ.ም. ከአራት ኮከብ ሦስት ሰጥተውት ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ግን አራቱንም ሰጥተው ከታላላቆቹ ሥራዎች ተራ አገቡት። እንግሊዛዊው ሐያሲ ማርክ ከርሞድም ሚስተር ስፒልበርግን ፊት ለፊት አግኝተው ተሳስቼ ነበር ሲሉ ይቅርታ ጠየቁ። በ2016 ዓ.ም. ቢ.ቢ.ሲ. የዓለምን ሐያሲዎች አሳብ ሲሰበስብ ከክፍለ ዘመኑ መቶ ምርጥ ሥራዎች 83ኛ ሆነ። ሰው በፍርዱ ሲጸጸት ማየት ደስ ያሰኛል፤ በሌላ ሥራ ላይ ግን ይህ ሲሆን የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

የአንባቢና የተመልካች ጩኸት የታሪክን ፍጻሜ ሲነካ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ዴቪድ እውነት ነው ብሎ የያዘውን የፒኖኪዮን መጽሐፍ፥ የኢጣልያ ትምህርት ቤት የቀመሱ ሁሉ ያውቁታል። ደራሲው ካርሎ ኮሎዲ በ1881 ዓ.ም. በሮም በሚታተም የሕፃናት ጋዜጣ ላይ በየክፍሉ ማውጣት ሲጀምሩ፥ ታሪኩን በዐሥራ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ጨርሰውት ነበር። የእንጨቱ ልጅ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ አለቀ። ሕፃናት አንባቢዎች ቢጮኹ ጋዜጣው ደራሲውን ለመነ፤ ኮሎዲም በ1882 ዓ.ም. ቀጠሉበት፤ በ1883 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። እንግዲህ ፒኖኪዮ ሰው የሆነው በአንባቢዎች ጩኸት ነው። ስለዚህ ሥዕሉ በባሕር ወለል ይለቅ የሚሉት ሳያውቁት የመጀመሪያውን ኮሎዲ ይጠይቃሉ፤ ይቀጥል የሚሉትም ሁለተኛውን።

ከዚህም በላይ ብዙዎች የረሱት አንድ ነገር አለ። ባለ ሰማያዊ ጠጒሯ መልአክ በኮሎዲ መጽሐፍ ውስጥ መጀመሪያ ስትታይ በመስኮት የቆመች፥ የሞተች ሕፃን ሆና ነው። በኋላም የእንጨቱ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ቤቷ በነበረበት የመቃብር ድንጋይ ያገኛል፤ ወንድሟ ትቷት በመሄዱ በኀዘን እንደ ሞተች ተጽፎበታል። የአሜሪካ ካርቱን ይህን ሁሉ ጠርጎ የምታብረቀርቅ ደግ ሴት ብቻ አስቀረልን። ፒኖኪዮ የኀዘን መጽሐፍ መሆኑን የሚያስታውስ ተመልካች፥ ዴቪድ በሙት ምስል ፊት ሁለት ሺሕ ዓመት መቀመጡ አያስገርመውም።

አሁን ወደ ወዳጄ ቤት ልመለስ። የሕግ ዐዋቂው የያዙት የሥዕሉን መጀመሪያ ነበር። በኩባንያው ስብሰባ ላይ አንዲት ሠራተኛ ትነሣና፥ ሮቦቱ ሰውን ከልቡ ቢወድ የተወደደው ሰው በአንጻሩ ምን ግዴታ አለበት ብላ ትጠይቃለች። ዋናው ሊቅ ፕሮፌሰር ሆቢም እግዚአብሔር አዳምን የፈጠረው እንዲወደው አልነበረምን በማለት ይመልሱላታል። «ስለ ተቀባዩ ግዴታ ተጠየቁ፤ ስለ ሠሪው ሥልጣን መለሱ» አሉ የሕግ ዐዋቂው። «እኛ ቢሮ እንዲህ ያለ መልስ በየቀኑ ይጻፋል።» ነጋዴው በበኩላቸው ከዚህ ጋራ አልተስማሙም። ዕቃው ከመታተሙ በፊት በቤቷ ለብዙ ቀን ተቀምጧል፤ ይህ ማለት ለሙከራ ተሰጥቷል፤ አውቃ የተቀበለች ገዢ ኩባንያውን ልትከስ አትችልም የሚል ነበር አሳባቸው። ጥፋቱ ከመለዋወጫ ነው አሉ ደግሞ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሸጥ ማን ያድሰዋል፥ እስከ መቼስ ድረስ?

ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. አይቦ የተባለ የሮቦት ውሻ ለገበያ አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. መሥራቱን አቆመ፤ በ2014 ዓ.ም. ማደሱንም ተወ። ውሾቹን እንደ ቤተ ሰብ የሚያዩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ግራ ገባቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኢሱሚ በተባለች ከተማ ባለ አንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ካህናቱ ለተበላሹት ውሾች የፍትሐት ጸሎት ያደርሱላቸው ጀመር፤ ከጸሎቱም በኋላ ብረታቸው ተፈትቶ ገና ለሚሠሩት መለዋወጫ ሆነ። ጃፓኖቹን የሚስቅባቸው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ነገር ያየሁት አንድ ደግ ሥርዓት ነው። ነገሩ ማለቁን በይፋ ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ክርክሩ እንዲህ ሲጋጋል እማማ ዝም ብለው ቆይተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ይቺ ሴትዮ ጎረቤት የላትም?»

እውነትም ሥዕሉን መልሼ ሳስበው፥ ወይዘሮ ሞኒካ በአምስቱ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ሊያጽናናት ወደ ቤትዋ ሲገባ አላየሁም። ባልዋ፥ ሐኪሙና ኩባንያው ብቻ ናቸው ያሉት። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ብርሃኑም ብዙ ነው፤ ደጃፉን ግን ማንም አይመታውም። ፕሮፌሰር ሆቢም እንዲሁ ናቸው። ሥዕሉ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ እንደምንረዳው ዴቪድ የተሠራው በሞተ ልጃቸው መልክ ነው፤ ስሙም የልጃቸው ስም ነው። ዴቪድ ወደ ቢሮአቸው ሲደርስ የሚያገኘው በሣጥን ታሽገው ለገበያ የተሰለፉ እርሱን የሚመስሉ ብዙ ዴቪዶችን ነው። አባትየው የአንድ ልጃቸውን ኀዘን በፋብሪካ አባዙት፤ ለሌላውም ኀዘንተኛ በዋጋ ሊሰጡት ሣጥን አሠሩለት። ተመልካቾች ስለ መጨረሻው ሲጨቃጨቁ ሃያ ዓመት ያለፈባቸው፥ ይህን የመጀመሪያውን ነገር በሚገባ ስላልተመለከቱት ይመስለኛል። ልጁን ማን ጣለው ብሎ ወይዘሮ ሞኒካን መርገም ቀላል ነው። እርሷ ግን ማልቀስ የተከለከለች ሴት ናት።

በእኛ አገር ልማድ ኀዘን ቀን ይቈጠርለታል። በሦስተኛው ቀን ሠልስት፥ ቀጥሎ ሰባቱ፥ ዐሥራ ሁለቱ፥ ሠላሳው፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ ከዚያም መንፈቁ፥ ሙት ዓመቱና ሰባት ዓመቱ ናቸው። ሙስሊም ወገኖቻችን ለኀዘንተኛው ሦስት ቀን ይቀመጣሉ፤ ባልዋ የሞተባትም ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ትጠብቃለች። ጎረቤት እዝን ይዞ ይገባል፤ የሚናገረው ባይኖረውም ይቀመጣል። ልማዱን በሙሉ አወድሳለሁ ማለቴ ግን አይደለም። ለአንድ ተዝካር በሬውንና መሬቱን አስይዞ የተበደረ ስንት ሰው እንዳለ አበዳሪዎቹ አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ ሟቹ ቢጠየቅ ኖሮ እምቢ የሚል ድግስ ብዙ ነው። ሆኖም በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ለሟቹ የሚናገር ሁሉ ሟቹ መሞቱን እያወቀ ይናገራል። አልቃሿ በስሙ ትጠራዋለች፤ መልስ ግን አታስመልሰውም።

ወደ መጨረሻው ትዕይንት የምመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ስኳር ነው የሚሉትና እያለቀሱ የሚያወድሱት ሁለቱም አንድ ነገር አምነዋል፤ እናቲቱ ተነሥታ ልጅዋን እንደ ወደደችው። እኔ ግን ይህን አላየሁም። ከጠጒር የተነሣችው ሴት ባልዋን አትጠይቅም፤ ማርቲን የት አለ አትልም፤ ያን አምስት ዓመት ያጠቃት ኀዘንም ከፊትዋ ጠፍቷል። ቤቱም የእርሷ ቤት ሳይሆን ፍጥረታቱ ከልጁ ትዝታ የሠሩለት ነው። ልጁ ልክ እርሱን ራሱን የመሰለች እናት ተሰጠችው፤ በትእዛዝ የተሠራች፥ እንድትወድ ብቻ የተዘጋጀች። ወይዘሮ ሞኒካ በዴቪድ ላይ የፈጸመችው ነገር ከሁለት ሺሕ ዓመት በኋላ በእርሷ ላይ ተፈጸመ። ይህን ጣፋጭ የሚለው ተመልካች ምላሱን ይመርምር። ኩብሪክ አስበውት ስፒልበርግ ከሠሩት ነገር ሁሉ ይህን ያህል የሚያስፈራኝ የለም።

በዚያች ምሽትም የተቸገርሁት ከዚሁ ላይ ነው። ሴትየዋ ከመተኛትዋ በፊት ሁልጊዜም እወድሃለሁ ነበር የሚል ቃል ስትናገር፥ ለእማማ ልተረጒምላቸው አፌን ከፈትሁና ቆምሁ። የምተረጒመው የማንን ቃል ነው? እውነተኛዋ ሞኒካ ይህን ተናግራ አታውቅም። ተርጓሚ በሌለው ሰው ቦታ ቆሞ ይናገራል፤ ስለዚህም ሕጉ ጽኑ ነው፤ ያልተባለውን አይጨምርም። ለባለ ጉዳዩ ቢያዝንለት እንኳ፥ የዳኛውን ፍርድ አለስልሶ አይነግረውም። ይህን ያደረገ ተርጓሚ ደግ ሰው ሊባል ይችላል፤ በሥራው ላይ ግን ከዚያች ቀን በኋላ አይቈይም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሥዕሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምኋችሁ። በ2020 ዓ.ም. በደቡብ ኮርያ ኤም.ቢ.ሲ. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ አንዲት እናት በዓይንዋ መነጽር፥ በእጅዋም ጓንት አድርጋ የሞተች ትንሽ ልጅዋን በመኪና ከተሠራ ምስል ጋራ ስትገናኝ አሳየ። ተመልካቹ እንደዚያው ሁለት ወገን ሆነ፤ አንዱ አለቀሰ፥ ሁለተኛው ጣቢያውን በእናት ኀዘን ነገደ ብሎ ወቀሰው። በሰኔ 2022 ዓ.ም. ደግሞ አማዞን የተባለው ታላቅ የንግድ ኩባንያ አሌክሳ የሚሉት መሣሪያው በአያት ድምፅ ለሕፃን የልጅ ልጅ መጽሐፍ ሲያነብ በጉባኤ ላይ አቀረበ፤ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ቅጂ ድምፅን ለመምሰል እንደሚበቃም ተነገረ። ልብ በሉ፤ በሥዕሉ ውስጥም እናት ለልጅ መጽሐፍ ታነባለች። ከዚያ ወዲህ ሟች የጻፋቸውን መልእክቶች ተመግበው በእርሱ አነጋገር መልስ የሚሰጡ መሣሪያዎችን የሚያቀርቡ ነጋዴዎች በየአገሩ ተነሥተዋል።

ፎቶግራፍስ ምን ተለየ የሚል ይኖራል። ፎቶግራፍ የነበረውን ያሳያል፤ የተቀዳ ድምፅም የተባለውን ይደግማል። አዲሱ ዕቃ ግን ሟቹ ያላለውን በሟቹ አፍ ይናገራል። የማይታመን ተርጓሚ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ባለ ጉዳዩ ተነሥቶ አላልሁም ብሎ ሊያስተባብል አለመቻሉ ነው። ለነጋዴዎችና ለአስተዳዳሪዎች ይህ ሩቅ ነገር አይምሰላችሁ። የሟች ድምፅ የማን ንብረት ነው፥ የሚስቱ ወይስ የልጆቹ? ከወራሾቹ አንዱ ይናገር ሲል ሌላው ይረፍ ቢል ማን ይፈርዳል? አገልግሎቱ በየወሩ ኪራይ የሚከፈልበት ከሆነ፥ ኀዘንተኛው ድሃ የሆነ ዕለት አባቱ ሁለተኛ ጊዜ ይሞትበታልን? ኩባንያውስ ቢከስር? የሶኒ ውሾች ቢያንስ ካህን አግኝተዋል። አዲሱ ንግድ በዕቃ ማስታወቂያ ሳይሆን በማጽናናት ስም ስለሚገባ፥ በቀረጥ በር ላይ የሚያስቆመው ሰው የለም። የእኔ አሳብ አጭር ነው፤ ሰው በሕይወቱ ሳለ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር፥ ከሞቱ በኋላ በድምፁ አዲስ ቃል የሚያናግር ሁሉ የሌላውን ፊርማ አስመስሎ እንደ ፈረመ ይቈጠር። የሕግ ዐዋቂው ወዳጃችን ይህ ብቻ አይበቃም፥ የፈቀደም ቢሆን ዘመኑ ይወሰን ይላሉ። ነጋዴው ሁላችሁም ገበያ ትዘጋላችሁ ብለው ተቈጡ። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

እማማ ግን የመጨረሻውን ንግግር ሳልተረጒምላቸው መቅረቴን አስተውለዋል። መብራቱ ከበራ በኋላ፥ ሴትየዋና ልጁ ተኝተው ሳለ አልጋው ላይ ወጥቶ ብቻውን የተቀመጠውን ድብ አስታውሰው፥ «ጠጒሩን ሲጠብቅ የኖረው እርሱ አይደል? አሁን እርሱን ማን ይወስደዋል?» አሉኝ። በሥዕሉ ውስጥ ስለዚህ የተባለ ነገር የለም፤ እኔም ያልተባለውን ልጨምርላቸው አልቻልሁም።